«መድኃኒቱ አልሠራም» ከማለት በፊት፦ በአእምሮ ሕክምና ጥናት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስሙ አንድ ስለሆነ ሕመሙም አንድ ነው ማለት። ዲኤስኤም-5 በተባለው የአሜሪካ የምርመራ መመሪያ፣ ከባድ ድብርት ለመባል ከ9 ምልክቶች 5ቱ ይበቃሉ። ከእነሱ አንዱ ግን የስሜት መጨለም ወይም የፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ይህ ሲሰላ 227 ዓይነት ጥምረት ይወጣዋል። እንቅልፍ ያጣችውና ቀኑን ሙሉ የሚተኛው እንኳ በዚህ ስሌት አይለዩም፤ መመሪያው ሁለቱን እንደ አንድ ምልክት ይቆጥራቸዋል። የእነዚህን ሰዎች ደም መርምረን አማካይ ብናወጣ፣ ማንንም የማይገልጽ ቁጥር ልናገኝ እንችላለን።

ክኒኑ እኩል ከሆነ ደም ውስጥ የሚገኘውም እኩል ነው ብሎ ማሰብ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ጉዳዩ የኛም ነውና። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) አለ። አሚትሪፕቲሊን፣ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ከሚሰባብሩት አንዱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህን ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይዘው ተገኝተዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው።

ትርፍ ጂን ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ይጨርሰዋል። ክኒኑን አንድም ቀን ሳያጓድል ውጦ፣ ደሙ ውስጥ ግን የረባ መጠን ላይገኝ ይችላል። ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ሲብስም «እየወሰደ አይደለም» ይባላል። ይሄኛው ፍርድ በጣም ያሳዝነኛል። ቤተሰብ ያምነዋል፣ ቤት ውስጥም ጭቅጭቅ ይነሳል። ጥናትም ቢሆን ደም ውስጥ ያለውን መጠን ሳይለካ እንዲህ መደምደም የለበትም።

«የዚህ ሕመም ጂን ይህ ነው» ማለት። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ የስኪዞፍሬኒያ (ቅዠትና የተዛባ እምነት የሚታይበት ከባድ የአእምሮ ሕመም) ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የጂኖም (የሰው ሙሉ የዘር መረጃ) ቦታዎችን አግኝቷል። የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ነው። ለዚህም ከ76,000 በላይ ታካሚዎች አስፈልገዋል። ጥቂት ሰው ብቻ ይዞ «ጂኑን አገኘሁት» የሚል ጥናት ሲያዩ ቶሎ አይመኑ።

ጾታንና ሲጋራን መርሳት። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ከሴቶች ሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሴቶችን መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ያወረደው ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ መድኃኒቱ 20 ዓመት ያህል ከተሸጠ በኋላ። የሲጋራ ጭስ ደግሞ ክሎዛፒን የተባለውን የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያፋጥናል። አጫሹ ሆስፒታል ገብቶ ሲጋራ ቢያቆም፣ ክኒኑ ሳይጨመርለት ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከፍ ይላል። የጎንዮሽ ጉዳት በድንገት ሲታይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማጨስ አቁመዋል ወይ?» የሚለው ነው።