ረጅም ልቦለድ መሀል ላይ ሲቆም ከየት ይቀጠላል?

ልቦለዱ ገጽ 120 ላይ ቆሟል እንበል። ጸሐፊው ገጽ 121 ላይ አፍጥጦ ይውላል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያ ሳይሆን ሃያ ሠላሳ ገጽ ወደ ኋላ ነው። አንድ ገፀ ባሕርይ የሚፈልገውን ሳይለፋ አግኝቷል፤ ወይም መጣላት የነበረባቸውን ሁለት ሰዎች ደራሲው ራርቶላቸው አስታርቋቸዋል። ከእርቅ በኋላ የሚተረክ ቢጠፋ አይገርምም።

ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን 40 ገጾች አትሙና ሳትነሱ አንብባችሁ ጨርሷቸው። ኮምፒውተር ላይ ካነበባችሁ እጃችሁ ቃላት ማረም ይጀምራል፤ ማረም ደግሞ ሥራ የተሠራ ያስመስላል። በእርሳስ የምታደርጉት ምልክት አንድ ብቻ ይሁን፦ መሰልቸት የጀመራችሁበት መስመር።

ቀጥሎ በምልክቱ ዙሪያ ያሉትን ትዕይንቶች ለየብቻ በትንንሽ ወረቀት አውጡ፤ አራት ቦታ የተቆረጠ የደብተር ወረቀት ይበቃል። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት መልስ ጻፉ። ማን ምን ፈለገ? ማን ወይም ምን ከለከለው? ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን ተለወጠ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «ምንም» ከሆነ ትዕይንቱ ይወጣል፣ ወይም ከሌላ ጋር ይዋሐዳል። ከዚያ ወረቀቶቹን ደርድራችሁ ታሪኩን ጮክ ብላችሁ ተርኩት። በመካከላቸው «ከዚያ፣ ከዚያ» ብቻ የምትሉ ከሆነ የጻፋችሁት ዜና መዋዕል ነው። «በዚህ የተነሳ» ወይም «ይሁን እንጂ» የማይገባበት ቦታ ላይ ትልሙ፣ ማለትም ድርጊቶቹን በምክንያትና በውጤት የሚያያይዘው ክር፣ ተበጥሷል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መቼቱ የ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። አንዲት እናት አራት ቤት ታከራያለች፤ ከተከራዮቿ አንዱ መምህር ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጇ ከመምህሩ ጋር በድብቅ ትዋደዳለች። እናት ትጠረጥራለች፣ ልጅ ትዋሻለች፣ ቡና ይፈላል፣ እናት እንደገና ትጠረጥራለች። ሃምሳ ገጽ እንዲህ ካለፈ የጎደለው የስሜት ገለጻ ሳይሆን ግፊት ነው፤ ግፊቱም ዘመኑ ውስጥ ተቀምጧል። በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ይወስዳል፤ በሐምሌ ደግሞ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ይታወጃል። በመጀመሪያው ልጅቱ ከቤት ትወጣለች፤ መለያየት ይሁን ማምለጫ ራሷም አታውቅም። በሁለተኛው እናት የኪራይ ገቢዋን ታጣለች፤ ልታባርረው ትዝት የነበረውን ሰውም ከግቢዋ ማስወጣት አትችልም። ጉልበቱ እጅ ቀየረ፤ ቀጣዩ ምዕራፍ የሚነሳው ከዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ግፊት ለማግኘት የዘመኑን ጋዜጣ አንብቡ። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ከፊት ገጽ ይልቅ ማስታወቂያውን፣ የፍርድ ቤት ጥሪውን፣ የጠፋ ዕቃውን እዩ። ውጭ አገር ያላችሁ ለአንድ አዛውንት ዘመድ ደውሉ፤ ነገር ግን «ጊዜው እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚመጣው መልስ «ደግ ነበር» ነው። «ኪራይ ስንት ነበር? ማን ይሰበስባል?» በሉ። ፍለጋውን ግን በአንድ ጥያቄና በአንድ ቀን ወስኑት፤ ካልሆነ ከመጻፍ መሸሻ ይሆናል። (ከ1956 ዓ.ም. በፊት መኪና በግራ ይነዳ እንደነበር ማወቅ ደስ ይላል፤ የቆመ ምዕራፍ ግን አያስነሳም።)

አሁን «ቀጥሎ ምን ሊሆን ይችላል?» ለሚለው 12 መልስ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ከፊልምና ከሌሎች መጻሕፍት የተረፉ ናቸውና ዝለሏቸው። ሕልም፣ የመኪና አደጋ፣ ድንገት መንገድ ላይ መገናኘት እንዳይገቡ። አጋጣሚ ሰውን ችግር ውስጥ ሲከት አንባቢ ይቀበላል፤ ከችግር ሲያወጣው ግን መጽሐፉን ይዘጋል። ችግሩን እንዲፈታ አዲስ ገፀ ባሕርይ ማምጣትም ያው ነው።

አንቱታም ያግዛል። ተከራዩ አከራይቱን «እርስዎ» ይላታል፣ እሷ «አንተ» ትለዋለች። ቤቱ ከተወረሰ በኋላስ? «አንቺ» ሊላት ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ የሚውጥበትን ሰዓት ጻፉ፤ ገና ያልተጻፈው ጠብ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ምልልሱ ከደረቀ ስልካችሁን ለድምፅ ቅጂ ክፈቱና ሁለቱንም ሰዎች ራሳችሁ ሆናችሁ አሥር ደቂቃ ተጨቃጨቁ፤ ከዚያ ገልብጡት። በጽሑፍ «ይህን ድርጊት ለምን ፈጸምክ?» ያለችው እናት በአፍ «ምን ነካህ አንተ!» ትላለች።

በዚህ ሁሉ መሀል ምዕራፍ አንድን እንደገና ማሳመር ክልክል ነው። በቀን 25 ደቂቃ፣ 300 ቃል ይበቃል፤ ትዕይንቱ ሳያልቅ፣ የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር እያወቃችሁ አቁሙ። ሳምንት ሞክራችሁ ካልተንቀሳቀሰ በእርሳስ ምልክት ካደረጋችሁበት መስመር በኋላ ያለውን በሙሉ ቁረጡ። አትሰርዙት፤ ቀን ጽፋችሁ በሌላ ፋይል አስቀምጡት። ሁለት ሦስት ምልልስ ኋላ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል፤ የቀረው እዚያው ይቅር።