የአሜሪካ መንግሥት ሲዘጋ፦ ጉዳቱን አስቀድሞ ማስላት፣ ተጠያቂውንም በማስረጃ መለየት

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ተዘጋ ሲባል ቀድሞ የሚሰማው የፖለቲከኞች ጩኸት ነው። ሪፐብሊካኑ በዲሞክራቱ፣ ዲሞክራቱም በሪፐብሊካኑ ያላክካል። ቤት ኪራይና ልጅ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የትኛው ገንዘብ እንደቆመ ነው። ማን አጠፋ የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ መልሱም የሚገኘው ከድምፅ መዝገብና ከሕግ ረቂቅ ነው። እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቆመውን ገንዘብ ይለዩ

የፌዴራሉ በጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። እስከዚያ ቀን ኮንግረስ 12 የበጀት ሕጎችን ማጽደቅ ይጠበቅበታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይደርስለትም። ስለዚህ ኮንቲኒዩንግ ሪዞሉሽን የሚባለውን ጊዜያዊ በጀት ያወጣና ያለፈውን ዓመት ወጪ ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት ያራዝማል። ሁለቱም ከሌሉ አንቲዴፊሸንሲ አክት የሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ኮንግረስ ያልፈቀደውን ገንዘብ ማውጣት ይከለክላል። ሕጉ አሮጌ ቢሆንም መሥሪያ ቤት መዝጋት የመጣው ከ1980 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ ሕጉ እንደተጻፈ ይከበር የሚል አስተያየት ሰጡ። ከዚያ በፊት በጀት ሲያልቅ መሥሪያ ቤቶች ወጪያቸውን እየቆጠቡ ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃ ከ12ቱ ሕጎች የትኞቹ እንደጸደቁ ማየት ነው። በዲሴምበር 2018 መንግሥት ሲዘጋ አምስቱ ጸድቀው ስለነበር መከላከያ ሚኒስቴር ደመወዙን እየከፈለ ቆየ፤ የአገር ውስጥ ደኅንነት፣ የፍትሕና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በኦክቶበር 2025 ከ12ቱ አንዱም አልጸደቀም ነበር። በዜና "መንግሥት ተዘጋ" የሚባለው ለሁለቱም ነው፤ ቤትዎ የሚደርሰው ጉዳት ግን በጣም ይለያያል።

ሁለተኛው እርምጃ የሚፈልጉት አገልግሎት ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ ነው። አገልግሎቱ ምን ያህል አስፈላጊ ነው የሚለው እዚህ ላይ ብዙም አይጠቅምም። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር በቋሚ ሕግ ስለሚከፈሉ ገንዘቡ አይቋረጥም፤ ቢሮ ሄደው የሚያስፈጽሙት አንዳንድ ጉዳይ ግን ሊዘገይ ይችላል። ፖስታ ቤት በራሱ ገቢ ይተዳደራል። ፓስፖርትም ሆነ በዩኤስሲአይኤስ (በአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት) በኩል የሚሄደው የግሪን ካርድና የዜግነት ማመልከቻ በዋናነት ከአመልካቹ በሚሰበሰብ ክፍያ ስለሚሠራ ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ሁሉ አንድ ቢሮ ይመስለውና ነው። በቀጣሪ በኩል ለሚመጣ ቪዛና ግሪን ካርድ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሠራተኛ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ነው፤ ይህ ቢሮ በዓመታዊ በጀት ስለሚንቀሳቀስ በኦክቶበር 2025 ለሳምንታት ቆሞ ነበር። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። በ2018–19 እስር ላይ ያልሆኑ ሰዎች ቀጠሮ ተሰርዞ ብዙዎቹ ሩቅ ጊዜ ተቀጥረዋል፤ በ2025 ግን ችሎቱ ቀጠለ። ስለዚህ "መንግሥት ተዘግቷል" በሚል ወሬ ከቀጠሮ አይቅሩ። በሌሉበት የመባረር ትእዛዝ ሊወሰንብዎ ይችላል። በኤ ቁጥርዎ፣ ማለትም በኢሚግሬሽን ፋይልዎ መለያ ቁጥር፣ የፍርድ ቤቱን የጉዳይ መረጃ ገጽ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ማታና በዕለቱ ጠዋት ይመልከቱ፤ ጠበቃ ካለዎት ይደውሉለት።

ፉድ ስታምፕ፣ በአሁኑ ስሙ ስናፕ፣ ለብቻው መታየት አለበት። መመዘኛውን ላሟላ ሁሉ በሕግ የሚገባ መብት ቢሆንም ገንዘቡ በየዓመቱ መፈቀድ አለበት፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። በ2025 የኦክቶበሩ ተከፍሎ የኖቬምበሩ ተያዘ። 42 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በፍርድ ቤት ክርክር መሐል ተንጠለጠሉ፤ አንዳንዱ ስቴት ሙሉውን ከፈለ፣ አንዳንዱ በከፊል፣ አንዳንዱም ጠበቀ። በ2019 ደግሞ የፌብሩዋሪው ገንዘብ ጃንዋሪ 20 አካባቢ ቀድሞ ካርድ ላይ ገባ። ብዙ ቤተሰብ ተጨማሪ ገንዘብ የመጣለት መስሎት ጨርሶት እስከ ማርች ድረስ ተቸገረ። የፉድ ስታምፕ ገንዘብ በሚገባበት ኢቢቲ ካርድዎ ላይ ከቀኑ በፊት ገንዘብ ከገባ የሚቀጥለው ወር ድርሻ ነው፤ ለሚቀሩት ሳምንታት ያካፍሉት። ያልወጣው ገንዘብ በወሩ መጨረሻ አይጠፋም።

ጉዳቱን በደመወዝ ቀን ይቁጠሩ

የፌዴራል ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈለው በየሁለት ሳምንቱ፣ ለሠራበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የመዘጋቱ የመጀመሪያ ሳምንት ይህን ሠራተኛ ብዙ አይጎዳውም፤ ፖለቲከኞችም በዚያ ሳምንት የሚፎክሩት ለዚህ ነው። በ2018 ዲሴምበር 22 ሲዘጋ የመጀመሪያው የቀረ ደመወዝ ጃንዋሪ 11 ነበር፣ ሁለተኛው ጃንዋሪ 25። በዚያው ጃንዋሪ 25 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ቁጥር በማነሱ ወደ ኒውዮርኩ ላጓርዲያ የሚደረጉ በረራዎች ለጊዜው ቆሙ፤ ማታውኑ በ35ኛው ቀን መንግሥት ተከፈተ። በ2025ም ኖቬምበር 1 ፉድ ስታምፕ ተቋረጠ፣ ኖቬምበር 7 በ40 ትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች በረራ እንዲቀነስ ታዘዘ፣ ኖቬምበር 12 በ43ኛው ቀን መዘጋቱ አበቃ። ስምምነት መቼ ሊመጣ እንደሚችል ለመገመት ከንግግሮቹ ይልቅ ሁለተኛው የደመወዝ ቀንና የአየር ማረፊያው ሰልፍ የተሻሉ ምልክቶች ናቸው።

በ2025 የሲቪል ሠራተኛው በኦክቶበር አጋማሽ ጎዶሎ ደመወዝ አገኘ፣ ከዚያ ሁለት ሙሉ ደመወዝ ቀረበት። ስለዚህ ለመጠባበቂያ ሁለት ተኩል የደመወዝ ጊዜ የሚያቆይ ገንዘብ ማስቀመጥ ተገቢ ግብ ነው።

የፌዴራል ሠራተኛ ከሆኑ በጀቱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ኤስኤፍ-50 የሚባለውን የቅጥር ማስረጃና የቅርቡን የደመወዝ ወረቀት ወደ ግል ኮምፒውተርዎ ያውርዱ ወይም ያትሙ። ፈርሎ ማለትም ያለ ክፍያ እረፍት ከወጡ በኋላ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል መክፈት ጭምር እንደ ሥራ ስለሚቆጠር ይከለከላሉ፤ ሰነዱ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። የፈርሎ ደብዳቤዎንም ይያዙ። ለሥራ አጥ ክፍያ የሚያመለክቱት በሚኖሩበት ሳይሆን በሚሠሩበት ቦታ ነው፤ ቨርጂኒያ እየኖረ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ ለዲሲ ያመለክታል። ውዝፉ ደመወዝ ሲመጣ የወሰዱትን የሥራ አጥ ክፍያ መመለስ ስለሚኖርብዎ ገንዘቡን እንደ ብድር ይቁጠሩት። ያለ ክፍያ በሥራ ላይ የሚቆዩት፣ ለምሳሌ የአየር ማረፊያ ፈታሾች፣ ሙሉ ሰዓት ስለሚሠሩ በአብዛኛው ይህ ክፍያ አይፈቀድላቸውም።

የጤና መድን አይቋረጥም፤ የእርስዎ ድርሻ ተጠራቅሞ በኋላ ይቆረጣል። ለባንክ፣ ለአከራይና ለመኪና ብድር ድርጅት የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት ይደውሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ወለድ ይቆጥራል ወይ፣ ለክሬዲት ቢሮ ይነገራል ወይ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ ትልኩልኛላችሁ ወይ። ከጡረታ ቁጠባ ማውጣት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ዕድሜያቸው ከ59 ዓመት ተኩል በታች የሆኑ ከግብሩ በላይ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት ይከፍላሉ።

በ2019 የወጣ ሕግ ለፌዴራል ሠራተኛ ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈል ያዝዛል። በ2025 ዋይት ሐውስ ይህን ለመጠራጠር ሞክሮ ነበር፤ መዘጋቱን ያበቃው ሕግ ግን ክፍያውን በግልጽ አስገባው። በኮንትራክተር በኩል የተቀጠረ ጽዳት፣ ጥበቃ ወይም የካፌቴሪያ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ያጣው ቀን ጠፍቶ ይቀራል። ለእነሱ ምክሩ አጭር ነው፤ "ትንሽ ጠብቁ" ቢባሉም ሰዓት በተቀነሰ በዚያው ሳምንት ለሥራ አጥ ክፍያ ያመልክቱ፤ ዘግይቶ የገባ ማመልከቻ ወደ ኋላ ተመልሶ መቆጠሩ አስተማማኝ አይደለምና።

ተጠያቂውን በሦስት ጥያቄ ይፈልጉ

አንደኛ፣ በጀቱ ላይ ሌላ ጥያቄ የለጠፈው ማነው? በ2013 ሪፐብሊካኖች የኦባማን የጤና መድን ሕግ ካልገታን ብለው 16 ቀን ተዘጋ። በጃንዋሪ 2018 ዲሞክራቶች በልጅነታቸው ለመጡ ስደተኞች ከለላ ጠይቀው ሦስት ቀን ተዘጋ። በዲሴምበር 2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ከዚያ ቀደም ብለው በካሜራ ፊት መንግሥትን ለድንበር ደኅንነት ብዘጋ እኮራለሁ ብለው ነበር። በ2025 ዲሞክራቶች በዓመቱ መጨረሻ የሚያበቃው የጤና መድን ድጎማ ይራዘም አሉ። ጥያቄው ተገቢ መሆን አለመሆኑ ሌላ ክርክር ነው፤ ለመደራደር አሻፈረኝ ማለትም ራሱ ውሳኔ ነው። ቢያንስ ግን ማን ምን እንደጠየቀ ሳያጣሩ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ሁለተኛ፣ የጎደለው የማን ድምፅ ነው? "ሁለቱንም ምክር ቤት አንድ ፓርቲ ይዞ እንዴት ይዘጋል?" የሚለው ተደጋጋሚ ጥያቄ ነው። ሴኔቱ ክርክር ዘግቶ ወደ ውሳኔ ለመሄድ ከ100ው 60 ድምፅ ይፈልጋል። በ2025 ሪፐብሊካኖች 53 ነበሩ፣ አንዱም ተቃወመ፤ በሩ የተከፈተው ከዲሞክራቶች ጋር ከሚሰለፉት ስምንቱ ሲጨመሩ በ60 ለ40 ነው። ከዚያ በፊት ያው ረቂቅ 14 ጊዜ ወድቋል። የሌላው ወገን መልስም አለ፤ የ60 ድምፁ ደንብ የሴኔቱ የራሱ ስለሆነ አብላጫው ቢፈልግ ይቀይረዋል። ትራምፕ ይህንኑ ጠይቀው የራሳቸው ሴኔተሮች እምቢ አሉ። የድምፅ መዝገብ ሲያዩ አንድ ወጥመድ አለ፤ የአብላጫው መሪ አንዳንዴ ረቂቁን እንደገና ለማቅረብ እንዲችል ብቻ "ተቃውሞ" ይመዘገባል። እሱን ከተቃዋሚ አይቁጠሩት።

ሦስተኛው በብዛት የሚረሳ ነው፤ ሕመሙን ማን አከፋፈለው? ሕጉ አንድ ቢሆንም ምን እንደሚዘጋ የሚወስኑት የዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮና መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው። በ2013 ብሔራዊ ፓርኮችና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ ታጠሩ። በ2018–19 ፓርኮቹ ያለ በቂ ሠራተኛ ክፍት ተትተው በካሊፎርኒያው ጆሹዋ ትሪ ጉዳት ደረሰ። በ2025 ለወታደሮች ደመወዝ ከምርምር በጀት ገንዘብ ተዛወረ፤ ለፉድ ስታምፕ ግን መጠባበቂያው ፍርድ ቤት እስኪያዝ አልተነካም። መዘጋቱ የኮንግረስ ቢሆንም እነዚህ ምርጫዎች የአስፈጻሚው ናቸው፤ ስለዚህ ተጠያቂነቱን ሁለት ቦታ ይመዝግቡ። በአገሩ ዋና ከተማ በ2018–19 የጋብቻ ፈቃድ ሳይቀር ቆሞ ነበር፤ የዲሲ ፍርድ ቤት በፌዴራል ገንዘብ ስለሚተዳደር ነው። እዚህ ላይ ሙሽሮቹን ያስቀረው የማንም ክፋት አይደለም፣ የበጀት መስመር ብቻ።

የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሲጠቀስልዎ ጥያቄውን ያንብቡ። በጃንዋሪ 2019 ዋሽንግተን ፖስትና ኤቢሲ ባደረጉት 53 በመቶው ትራምፕንና ሪፐብሊካኖችን፣ 29 በመቶው ዲሞክራቶችን ተጠያቂ አድርጓል። "ሁለቱም እኩል" የሚል ምርጫ ጎላ ብሎ ሲቀርብ ቁጥሩ ይቀየራል። ከዚህ ተነሥቶ ምርጫ መተንበይ ደግሞ አያዋጣም፤ በ2013 በብዛት የተወቀሱት ሪፐብሊካኖች በኖቬምበር 2014 ሴኔቱን ወሰዱ።

የኢኮኖሚ ጉዳት ቁጥርም እንዲሁ ነው። የኮንግረስ በጀት ቢሮ ለ2018–19ኙ 35 ቀን 11 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቷል፣ ከዚያ የማይመለሰው ግን 3 ቢሊዮን ያህሉ ነበር። ትልቁን ብቻ የሚጠራዎት ሰው ግማሹን ታሪክ ነው የነገረዎት።

በ2025 አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በድረ ገጻቸው ላይ ተቃዋሚውን ፓርቲ የሚወቅስ ማስታወቂያ ለጠፉ። የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኞች ኢሜይል ላይ ሳያውቁት ዲሞክራቶችን የሚከስ አውቶማቲክ መልስ ገብቶ ፌዴራል ዳኛ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ከለከሉት። ከእንዲህ ያለ ገጽ የአገልግሎት ሰዓቱን ብቻ ይውሰዱ።

ስልክ ሲደውሉ

የካፒቶል ማዞሪያ 202-224-3121 ነው። ዚፕ ኮድዎን፣ የሕጉን ስም ወይም ቁጥርና አንድ ጥያቄ ብቻ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ይናገሩ፤ ሠራተኛው የሚመዘግበው ደግፏል ወይስ ተቃውሟል የሚለውን ነው። የዲሲ ነዋሪ በሴኔት ድምፅ ያለው ተወካይ የለውም፤ በተወካዮች ምክር ቤትም ያለችው ተወካይ በመጨረሻው ድምፅ አትሳተፍም። የፌዴራል ሠራተኛ በግል ስልኩ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ የሥራ ማዕረጉን ሳይጠራ ይደውል። የተጓተተ የግል ጉዳይ ካለዎት ከፖለቲካው ቅሬታ ለይተው ኬዝ ወርከር፣ ማለትም የነዋሪዎችን ጉዳይ የሚከታተል የተወካዩ ቢሮ ሠራተኛ፣ ይጠይቁ፤ የፈቃድ ቅጽ ፈርመው ካልሰጡ ማንም ፋይልዎን አይነካም።

መንግሥት ሲከፈት ውዝፉን የደመወዝ ወረቀት በመስመር በመስመር ያስተያዩ፤ የትርፍ ሰዓትና የተጠራቀመው የመድን ቁራጭ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አዲሱ ጊዜያዊ በጀት የሚያበቃበትን ቀን የቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉ። የኖቬምበር 2025ቱ ሕግ አብዛኛውን መንግሥት ያራዘመው እስከ ጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ብቻ ነበር፤ የእርሻ ሚኒስቴሩ በጀት ግን እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ጸድቆ ስለነበር ፉድ ስታምፕ በዚያኛው ቀነ ገደብ ስጋት ውስጥ አልገባም።