ጉበት ታመመ ሲባል ወደ ቅጠል ከመሮጣችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት በስልክ «ዓይኑ ቢጫ ሆኗል ካልሽማ የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠሉን ቶሎ ጨምቀሽ አጠጪው» ሲሉ ሰማሁ። ደነገጥኩ። እኛም ቤት እንዲሁ አድርገን አጎቴን ለጥቂት ነው ያላጣነው።

አጎቴ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሰንሰል ተጨምቆ ተሰጠው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ እኛ ደግሞ «መርዙ እየወጣለት ነው» እንባባላለን። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ሲነሳ የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ዘግቶት ተገኘ። ጠጠሩ ወጣ፣ ዳነ። የትኛውም ቅጠል ያንን ጠጠር አያወጣም ነበር።

ስለዚህ ትልቁ ስህተት ሳይመረመሩ መጠጣት ነው። ዓይን ቢጫ መሆኑ ምልክት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ጠጠር፣ መጠጥ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ አንዳንዴም ዕጢ። «እገሌ ግን በቅጠሉ ድኗል» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ድኗል። በምግብና በውኃ የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። የጠጣም ያልጠጣም ይድናል። የጠጣው ግን ምስጋናውን ለቅጠሉ ይሰጣል፣ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ከዚያ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሌላ ሰው ያንኑ ቅጠል እየጠጣ ዓመታት ያባክናል። ቢ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ምንም ሳያሳይ ጉበትን ወደ ጠባሳ፣ ከዚያም ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል።

ቀጥሎ የምሰማው «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው ነው። እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በቀንድ አውጣ በኩል የሚዛመተውን ቢልሃርዝያ ለመከላከል የሚረዳውን ግኝት ያገኙት። ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ይህን ተክል ለወፍ በሽታ ብለው የሚጠጡ ሰዎች አሉ! ስንት ማንኪያ ነው መድኃኒት፣ ስንት ማንኪያ ነው መርዝ? ማንም ለክቶ አይሰጣችሁም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ውስጥ የሰዎች ሆድ እያበጠ ሕይወት የቀጠፈው የጉበት በሽታም ሲጣራ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም መርዝ ጋር ተያይዞ ነው የተገኘው። አረሙም ተፈጥሯዊ ነበር።

ፋርማሲ የሚሸጠው ወይም ዘመድ ከውጭ የሚልከው እንክብልስ? እርድ ወጥ ውስጥ ሲገባ ምንም አይደለም። በእንክብል ታጭቆ፣ ሰውነት እንዲመጠው ቁንዶ በርበሬ ተጨምሮበት ሲወሰድ ግን ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና ተመዝግበዋል። አረንጓዴ ሻይም እንደዚያው ነው። በስኒ ጠጡት። የተጨመቀው እንክብል ግን፣ በተለይ ዋናው ንጥረ ነገር በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የጉበት መጎዳት ምልክት የሆነውን የጉበት ኢንዛይም በደም ውስጥ ከፍ እንደሚያደርግ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳውቋል። ለጉበት ተብሎ የሚሸጠው ሚልክ ትስል የሚባለው የእሾሃማ ተክል እንክብል ብዙም አይጎዳም፤ ጉበት እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ብሩ ለምርመራ ቢውል ይሻላል።

አሁን የምለውን እባካችሁ ልብ በሉት። የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት ጀምራችሁ ከሆነ «ባህላዊውን ልሞክር» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ቫይረሱ ድንገት ሊያገረሽና ጉበቱን በጥቂት ሳምንታት ሊጥለው ይችላል። የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱም ተጠንቀቁ፤ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበት ላይ ይከብዳሉ፣ ቅጠል ሲደረብበት ሐኪሙ የቱ እንደጎዳችሁ መለየት አይችልም። የጠጣችሁትን ሁሉ ንገሩት። እንዳይቆጣን ብሎ መደበቅ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፣ አጎቴም ስለ ሰንሰሉ ትንፍሽ አላለም ነበር።

ፓራሲታሞልም አለ። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። አልኮል የሚጠጣ ሰውማ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው የሚፈቀድለት።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ስህተቱ ሌላ ነው። «ጉበት ያጸዳል» ብሎ ስኳር የተጨመረበት ጁስ በትልቁ ብርጭቆ መጠጣት። ጉበት ላይ ስብ አለ የተባለ ሰው መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ስኳሩንና ለስላሳውን ነው። «እኔ ጿሚ ነኝ፣ ቅባት አልነካም» የሚሉም አሉ፤ ወጡ ግን በሚረጋ ዘይት ይዋኛል። ያ ዘይት ግማሽ ያህሉ ልክ እንደ ቅቤው ዓይነት ስብ ነው። ክብደት የጨመረ ሰው ከኪሎው ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ፣ 80 ኪሎ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ ከየትኛውም እንክብል በላይ ጉበቱን ይረዳዋል። የሻገተ ለውዝ፣ የሻገተ በርበሬ ጣሉት፤ መቁላትና ማብሰል የሻጋታውን መርዝ አያጠፋውም። ጫትም ከጉበት ጉዳት ጋር ይያያዛል፣ ሐረር ላይ ጥናት ተሠርቶበታል። ቡና ግን አትተዉ። ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች በጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ስኳሩን ብቻ ቀንሱ።

ከአጎቴ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ተመረመርን። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አገራችን ውስጥ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ እኛ ትልልቆቹ አልተከተብንም ነበር። ተመርምሮ ከቫይረሱ ነፃ ለሆነ ሰው ሦስት መርፌ ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። እኔ ሁለቱን ወስጃለሁ። የቀረኝን ጥር ላይ እወስዳለሁ።