በሎጎ ሐይቅ ከአንድ በላይ ጋዝ ይዞ ለሚጠልቅ፦ የመጥለቂያ ኮምፒውተር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሎጎ ሐይቅ የሚገኘው ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ በባሕር ጠረፍ 1 ባር ገደማ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 0.8 ባር ዝቅ ይላል። ጠላቂው ወደ ላይ ሲወጣ የትና ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት የሚነግረው የመጥለቂያ ኮምፒውተር ደግሞ የጠላቂውን ደም አይለካም፤ የሚያሰላው ከግፊቱ፣ ከጊዜውና ከተነገረው የጋዝ ዓይነት ተነሥቶ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ እንደ ብልሽት የሚቆጠረው ነገር አብዛኛው ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ተሳስቶ ሲገባ የሚፈጠር ነው።

ወደ ላይ መውጫ ጊዜው ከታቀደው አጥሮ ሲታይ

ምክንያቱ በጋዝ ዝርዝሩ ውስጥ ጠላቂው ያልያዘው ድብልቅ፣ ለምሳሌ ካለፈው መጥለቅ የቀረ ንጹሕ ኦክስጅን፣ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። ኦክስጅን የበዛበት ጋዝ ናይትሮጅንን ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወጣ መውጫውን ያሳጥራል፤ ኮምፒውተሩም ጠላቂው ጊዜው ሲደርስ ወደዚያ ጋዝ ይቀይራል ብሎ አስቀድሞ ስለሚያሰላ፣ የሚያሳየው ጊዜ የሌለ ሲሊንደርን ተስፋ ያደረገ ነው። መፍትሄው ወደ ውኃ ከመግባት በፊት ዝርዝሩን ከተያዙት ሲሊንደሮች ጋር አንድ በአንድ አስተያይቶ ያልተያዘውን ማጥፋት ነው።

ጋዝ ከተቀየረ በኋላ የቆይታው ጊዜ አልቀንስ ሲል

ጠላቂው ሬጉሌተሩን፣ ማለትም ከሲሊንደሩ የሚተነፍስበትን የአፍ መሣሪያ፣ ቀይሯል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን ቅያሬውን አላጸደቀም። መሣሪያው በቀድሞው ጋዝ ማስላቱን ስለሚቀጥል ቆይታው ይረዝማል እንጂ ጠላቂውን ለዲኮምፕሬሽን ሕመም (በሰውነት የሟሟ ናይትሮጅን በመውጫ ላይ አረፋ ሲሆን ለሚመጣው ሕመም) አያጋልጠውም፤ ቅያሬውን ማጽደቅ ይበቃል። የከፋው ተቃራኒው ነው፤ በኮምፒውተሩ 50 በመቶ ኦክስጅን ተመርጦ በአፍ ያለው አየር ሲሆን፣ መሣሪያው ያልወጣውን ናይትሮጅን እንደወጣ ቆጥሮ ጠላቂውን ቀድሞ ያሰናብተዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ የሲሊንደሩን ጽሑፍ ማንበብ፣ ቱቦውን በእጅ ተከትሎ እስከ አፍ መድረስ፣ መተንፈስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በኮምፒውተሩ ማጽደቅ።

የኦክስጅን ግፊት ማስጠንቀቂያ በቀይ ሲበራ

ማስጠንቀቂያው የሚለው በሚተነፈሰው ጋዝ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ለዚያ ጥልቀት በዝቶ አደገኛ ሆኗል ነው፤ ቁልፍ እየነካኩ ምክንያቱን መፈለግ የዚህ ሰዓት ሥራ አይደለም። በዚያ ጥልቀት ሊተነፈስ ወደሚችለው ጋዝ ወዲያውኑ መመለስ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል።

ኮምፒውተሩ በሲሊንደሩ ላይ ከተጻፈው ጥልቀት ቀድሞ ጋዝ ቀይር ሲል

በሎጎ ይህ ብልሽት አይደለም። የ50 በመቶ ኦክስጅን ድብልቅ እስከ 1.6 ባር የኦክስጅን ግፊት ቢፈቀድለት፣ ጠቅላላው ግፊት 3.2 ባር እስኪሆን ድረስ ሊተነፈስ ይችላል። በባሕር ላይ ከዚህ 1 ባሩ የአየሩ ስለሆነ የቀረው 2.2 ባር፣ 10 ሜትር ውኃ 1 ባር ገደማ ስለሚሆን፣ 22 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሐይቁ ላይ ግን የአየሩ ድርሻ 0.8 ባር ብቻ በመሆኑ ጥልቀቱ ወደ 24 ሜትር ይወርዳል። በዚሁ ስሌት የንጹሕ ኦክስጅን 6 ሜትር እዚህ 8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም፣ በሲሊንደሩ ላይ 21 ሜትር ተብሎ ከተጻፈና ቡድኑ በዚያ ከተስማማ፣ በ21 ሜትር መቀየሩ ይሻላል።

ሊያሳስብ የሚገባው ኮምፒውተሩ በባሕር ጠረፍ ቁጥሮች ላይ ሲቆይ ነው። አንዳንዶቹ ከፍታው በእጅ እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ራሳቸው ይለካሉ፣ ነገር ግን ውኃ ውስጥ ከተበሩ የሚለኩት የተሳሳተ ይሆናል። በዚህ ሐይቅ 30 ሜትር መውረድ ለዲኮምፕሬሽን ስሌት በባሕር 37 ሜትር ገደማ እንደመውረድ ስለሆነ፣ ስሕተቱ ቀላል አይደለም። መሣሪያውን ዳር ላይ ማብራትና የሚያሳየው ግፊት ወደ 800 ሚሊባር መጠጋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የጨውና የንጹሕ ውኃ ምርጫው የሚነካው የጥልቀቱን ንባብ በ2 ወይም በ3 በመቶ ብቻ ነው።

የኦክስጅን መለኪያው ከሲሊንደሩ ጽሑፍ ያነሰ ሲያሳይ

በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ መለኪያ ሎጎ ዳር ተራውን አየር 21 በመቶ ሳይሆን 17 በመቶ ገደማ ሊለው ይችላል፤ መለኪያው የሚሰማው የኦክስጅኑን ግፊት እንጂ መቶኛውን አይደለምና። ይህን የተሳሳተ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ሰው የጋዙን የጥልቀት ወሰን ከእውነተኛው ይልቅ ጥልቅ ያደርገዋል። መለኪያውን እዚያው ዳር ላይ በአየር ወደ 20.9 መልሶ አስተካክሎ እንደገና መለካት ነው።

ከወጡ በኋላ የበረራ ክልከላው ምልክት ሲቆይ

አውሮፕላን የማይሳፈር ሰው ይህን ምልክት ችላ ይለዋል። ነገር ግን የበረራ ክልከላው የሚያስበው እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ሲሆን፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውም በዋናው አስፋልት በደሴ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ሰዓቱ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ሎጎ ዳር ባለችው ሐይቅ ከተማ ማደር የመጥለቁ ዕቅድ አካል ሆኖ አስቀድሞ መያዝ አለበት።