ቺፑ ተቀይሮ ዩኤስቢው እምቢ ሲል

ጎንደር ተቀምጦ ቦርድ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ቺፕ አያማርጥም። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣው ኤቲሜጋ32ዩ4 ያልቅና እጁ ላይ ኤስቲኤም32ኤፍ103 ይቀራል። ሁለቱም ዩኤስቢ አላቸው፤ ታዲያ ምን ችግር አለው? አሮጌው ቺፕ ሳትጠይቁት ይሠራላችሁ ከነበረው ብዙውን አዲሱ ለእናንተ ይተወዋል። ሰው የሚሳሳተው እነዚህ አምስት ቦታዎች ላይ ነው።

የዲ ፕላስን (ከዩኤስቢ የዳታ ሽቦዎች የአንዱን) ሬዚስተር መርሳት። ኮምፒውተሩ መሣሪያ መሰካቱን የሚያውቀው ዲ ፕላስን ወደ 3.3 ቮልት በሚስብ 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ኤቲሜጋው ይህን ውስጡ ይዟል። ኤፍ103 የለውም፤ ከውጭ መበየድ አለባችሁ። ካልበየዳችሁ ኮምፒውተሩ የስህተት መልእክት እንኳ አያወጣም፣ ጭጭ ነው። ሰው ታዲያ ኮዱን ሲያገላብጥ ያመሻል። ኤፍ103ን በያዘው፣ ብሉ ፒል በሚባለው ርካሽ ቦርድ የምትሞክሩ ከሆነም ሬዚስተሩን ለኩት። ብዙዎቹ ላይ ያለው 10 ኪሎ ኦም ነው። አንዱ ላፕቶፕ ይቀበለዋል፣ ሌላው አሻፈረኝ ይላል። መንቀል አያስፈልግም፤ 1.8 ኪሎ ኦም ትይዩ ደርቡበት፣ አንድ ላይ 1.5 ገደማ ይሆናሉ።

ክሪስታል (ለቺፑ ትክክለኛ የሰዓት ምት የሚሰጥ የውጭ ክፍል) መቆጠብ። ቺፑ የራሱ የውስጥ ሰዓት አለው፣ እውነት ነው። ግን ዩኤስቢ ከ0.25 በመቶ በላይ መዛነፍ አይፈቅድም፤ የኤፍ103 የውስጥ ሰዓት እዚህ አይደርስም። 8 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል አስገቡ፣ አለቀ።

5 ቮልቱን እንዳለ መተው። ኤፍ103 የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። አንዳንድ ፒኖቹ 5 ቮልት ይችላሉ፤ አናሎግ የሚያነቡት ግን አይችሉም። የ5 ቮልት ሴንሰር ካላችሁ በሁለት ሬዚስተር ከፍላችሁ አሳንሱት።

ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም ቅንብር የሚይዝ ማስታወሻ) ያለ መስሎ መቀጠል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ይሄን ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩት አይታይማ። ኤቲሜጋው 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም አለው፤ 100,000 ጊዜ ይጻፍበታል። ኤፍ103 ምንም የለውም። ቅንብራችሁን የምታስቀምጡት ፕሮግራሙ ያለበት ፍላሽ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋስትናው 10,000 ጊዜ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቁጥር ለመቀየር ገጹን (ቁጥሩ ያለበትን የፍላሽ ክፍል) በሙሉ ማጥፋት አለባችሁ። ገጹ ጠፍቶ አዲሱ ሳይጻፍ መብራት እልም ቢልስ? እኛ ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። ቅንብሩ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ገጽ ያዙ፦ አዲሱን በአንዱ ጻፉ፣ መጻፉን አረጋግጡ፣ ከዚያ ብቻ አሮጌውን አጥፉ። ቁጥሩ በየደቂቃው የሚቀየር ከሆነ የውጭ ኢኢፕሮም ጨምሩና ተገላገሉ።

ቡትሎደሩም (ቺፑ ላይ አዲስ ፕሮግራም የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም) ዩኤስቢ ይመስላችኋል። ኤቲሜጋው ከፋብሪካ የዩኤስቢ ቡትሎደር ይዞ ይመጣል። የኤፍ103 ግን በሲሪያል ብቻ ነው የሚሠራው። መሣሪያው ታሽጎ ደባርቅ ከሄደ በኋላ ፕሮግራሙን በዩኤስቢ ገመድ ላድስ ብትሉ አይሆንም። ወይ ቦርዱ ከመውጣቱ በፊት የዩኤስቢ ቡትሎደር ጫኑበት፣ ወይ ለሲሪያል ፒኖቹ ለፒኤ9 እና ለፒኤ10፣ ቡትሎደሩን ለሚያስነሳው ፒን ለቡት0 እና ለግራውንድ ጠርዙ ላይ መበየጃ ነጥብ ተዉላቸው።