ትልቅ ለጋሽ ስትፈልጉ የቡናውን ወቅት ተመልከቱ

ጅማ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘብ የምታሰባስቡ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ነጋዴ ዘንድ ሄዳችሁ ገንዘብ አትጠይቁ። እሸት ቡና የሚገዛበት ጊዜ ነው፤ ባለጸጋ ቢሆንም ጥሬ ገንዘቡ ያለው ቡናው ላይ ነው። ሸጦ ሲያርፍ ጠይቁት።

እስከዚያው ግን ጠፍታችሁ አትክረሙ። ሄርማታ መርካቶ ስታልፉ ሱቁ ጎራ በሉ፣ ምክር ጠይቁት። እኛ አንድ አዛውንት ነጋዴን ስለ ትምህርት ቤት ጣሪያ አማከርናቸው። መነጽራቸውን አድርገው የቆርቆሮውን ዋጋ መስመር በመስመር አዩና «ተወዶባችኋል» አሉን። ከወራት በኋላ ቆርቆሮውን ራሳቸው ገዝተው አስጫኑልን።

«የቻሉትን ይርዱን» አትበሉ፤ «የሁለት ክፍል ጣሪያ ይሸፍኑልን» ብላችሁ የዋጋ ማቅረቢያውን አስቀምጡ። ለደመወዝ ስንቱ እንደሚሄድ መጠየቃቸው አይቀርም፣ ደግሞም መብታቸው ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የራሳችሁን አኃዝ ሳታመነቱ ተናገሩ።

ጣሪያው ያለቀ ዕለት ፎቶግራፉን ከደረሰኙ ጋር ላኩላቸው። ዓመታዊው ሪፖርት እስኪዘጋጅ አትጠብቁ።