ዓሣ ገባ፣ ስኳሩ ግን አልወረደም፦ ወጥ ቤት ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከዝዋይ የሚመጣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሰፈራችን አይጠፋም። እናቴ ስኳር እንዳለባት ሲታወቅ ጎረቤቱ ሁሉ «ዓሣ አብሏት፣ ለስኳር ጥሩ ነው» አለን። እኛም ሥጋውን ትተን ዓሣ አዘወተርን። ከወራት በኋላ ስትለካ ስኳሯ ንቅንቅ አላለም። ምን እንደምናበላት ቁጭ ብዬ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ዓሣን እንደ መድኃኒት መቁጠር

ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው። ለልብም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመከራል። ስኳር በሽታን ይከላከላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው። እስያ ውስጥ ዓሣ የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ በሽታው ቀነስ ብሎ ሲታይ፣ አሜሪካ ውስጥ ከፍ ብሎ የታየባቸው ጥናቶችም አሉ። ዋናው ጥያቄ ዓሣው ምንን ተክቶ ገበታ ላይ ቀረበ፣ እንዴትስ ተሠራ የሚለው ነው።

የእኛ ቆሮሶ ራሱ ቅባቱ ትንሽ ነው። 100 ግራም ጥሬ ሥጋው ውስጥ 2 ግራም ገደማ ቢኖር ነው። መጥበሻ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል።

ያደረ ዘይት

እኛ ቤት ዓሣው ዱቄት ተነስንሶበት ዘይት ውስጥ ጠልቆ ነበር የሚጠበሰው። የተረፈው ዘይት ተጠልሎ ለነገ ይቀመጣል። ዘይት በዚህ ዋጋ ማን ይደፋል? መንገድ ዳር የሚጠበሰውማ ዘይቱ ጠቁሮ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በሳምንት ከ4 እስከ 6 ጊዜ የተጠበሰ ነገር የሚበሉት፣ በሳምንት አንዴ እንኳ ከማይበሉት ይልቅ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ39 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። አንዱ ምክንያት ውፍረት ነው። ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ደግሞ ከቤት ውጭ የተጠበሰ በሚበሉት ላይ ነው።

አሁን እኛ ጉላሽ እንሠራለን። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለመላው ቤተሰብ ይበቃል። ዳጣውና ሎሚው አልቀረም፤ እሱን ብናስቀር እናቴም አትበላልን።

«ኮሌስትሮል የለውም» የሚለውን ጽሑፍ ማመን

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ከዕፅዋት የሚወጣ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ስለ ዘይቱ ምንም አይነግራችሁም። መጠየቅ ያለበት ዘይቱ ይረጋል ወይ ነው። ሐምሌ ላይ ጠዋት ስትነሱ ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ቅቤ ነጣ ብሎ የሚጠብቃችሁ ዘይት ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ቅባት ነው።

ስዊድን፣ ኡፕሳላ ውስጥ 39 ሰዎች ለ7 ሳምንታት ኬክ እንዲበሉ ተደረገ። የግማሾቹ ኬክ በፓልም ዘይት፣ የግማሾቹ በሱፍ ዘይት የተጋገረ ነው። ሁለቱም ወገን እኩል፣ 1.6 ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ጉበታቸው ሲታይ ግን ፓልም የበሉት ላይ የተጠራቀመው ስብ በጣም በለጠ።

ጉበት ስብ ሲሞላው የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን የኢንሱሊን ሆርሞን ትእዛዝ መስማት ይቸግረዋል። ሌሊቱን ሙሉ ራሱ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። «ማታ ምንም አልበላሁም፣ ጠዋት ስኳሬ ለምን ጨመረ?» የምትሉ ሰዎች፣ አንዱ መልስ እዚህ አለ።

ኑግና ሱፍ በብዛት የያዙት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን የማይረጋ ቅባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 20 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ ደማቸው ውስጥ ይህ ቅባት ከፍተኛ የሆነ ሰዎች ዝቅተኛ ከሆነባቸው ይልቅ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የኑግ ዘይት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እኛ ያደረግነው ትንሽ ገዝቶ በቁጠባ መጠቀም ነው።

ጥሩ ዘይት ነው ብሎ ማንቆርቆር

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ኑግም ይሁን ፓልም፣ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በጾም ሽሮውም ምስሩም ዘይት ካልተንሳፈፈበት ያልበሰለ ይመስለናል። በማንኪያ መለካት ብቻ ብዙ ይቀንሳል።

የዓሣ ዘይት እንክብል

በውድ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 83 ሙከራዎችን የመረመረ ግምገማ ኦሜጋ 3 የሚባለውን፣ ዓሣ ውስጥ የሚገኘውን ቅባት መጨመር ስኳር በሽታን ለመከላከልም ሆነ ለማከም ፋይዳው እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አግኝቷል። ኦሜጋ 3 ከፈለጋችሁ የሱቁ ሰርዲን አለ፤ ዘይቱን አጥልላችሁ ብሉት።

ዓሣውን በሁለት ነጭ ዳቦና በለስላሳ ማውረድ

የደም ስኳሩን ወዲያው ከፍ የሚያደርጉት ዳቦውና ለስላሳው ናቸው። ጎመንና ሰላጣ ከጎኑ ይኑር።

መድኃኒት ማሳነስ

እናቴ «ዓሣ እየበላሁ ነውኮ» ብላ የስኳር መድኃኒቷን፣ ሜትፎርሚኗን፣ አንድ ቀን እየዘለለች መዋጥ ጀምራ ነበር። ለሐኪሙም አልነገረችም። የደረስኩበት ያልተነካ ክኒን መሳቢያ ውስጥ ሳገኝ ነው። አልተቆጣኋትም፤ ዓሣው ይበቃል ያልናት እኛው ነን። አብረን ሄደን ለሐኪሟ ነገርነው። አሁን ክኒኑን የምናስቀምጠው ከዳጣው ብልቃጥ አጠገብ ነው፤ ዳጣውን መቼም አትረሳውም።